ገበያው ሲቀዘቅዝ ባንኩ የት ሄደ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ንግድ ፈቃድ እድሳት ጥያቄ ላኩልን ብለን ነበር፣ የመጣው ግን ሌላ ነው። ብድር፣ ብድር፣ አሁንም ብድር። ዕቃ ተወዷል፣ ገዢ ጠፍቷል፣ ባንኩ ደግሞ ፊቱን አዙሮብናል የሚል ነው የብዙዎቻችሁ ቅሬታ። ስለዚህ ንግድ ፈቃዱን እናቆየውና ዛሬ አምዱን በሙሉ ለብድር ሰጥተነዋል። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናል፣ የባንክና የሰው ስም የጠቀሳችሁትን ደግሞ አውጥተነዋል፣ አትቀየሙን።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ገርጂ አካባቢ ፈርኒቸር ነው የምሰራው። የእናቴን ቤት ካርታ አስይዤ ከአንድ የግል ባንክ ብድር ጠየኩ፣ ኢንጂነር መጥቶ ገመተ፣ ኮሚቴ አጽድቆልሃል እንኳን ደስ አለህ ተባልኩ። ከዛ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ጠብቅ፣ ትንሽ ጠብቅ ሆነ። ስጨቀጭቃቸው «ካፑ ሞልቷል» አሉኝ። ካፕ ምንድነው? ባንኩ ብር የለውም ማለት ነው ወይስ እጅ መንሻ ፈልገው ነው? (ባለ ፈርኒቸሩ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብር የለም ማለት ላይሆን ይችላል፣ እጅ መንሻም ላይሆን ይችላል (ከሆነ ደግሞ እንዳትሰጥ፣ አንዴ የሰጠ ሰው ፊርማ በተፈለገ ቁጥር ነው የሚጠየቀው)። ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረቱን ለማብረድ ብሎ የእያንዳንዱ ባንክ ጠቅላላ ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ፣ «ካፕ» የሚሉህ ይሄንን ገደብ ነው። ታህሳስ 2017 ላይ ወደ 18 ከፍ አለ፣ በ2018 መጀመሪያ ላይ ደግሞ 24 ሆነ። እና አንድ ባንክ ሰኔ ላይ ሰው ጋር ያለው ብድር 10 ቢሊዮን ብር ነበር እንበል፣ በ14 በመቶው ህግ በቀጣዩ ሰኔ ከ11.4 ቢሊዮን ማለፍ አይችልም፣ ካዝናው ውስጥ የፈለገው ያህል ብር ቢኖረውም። የድሮ ተበዳሪ ሲመልስ ቦታ ይለቀቃል፣ ያን ጊዜ ነው ወረፋው የሚንቀሳቀሰው። «ጠብቅ» የሚሉህ ያንን ነው።

እዚህ ላይ የኔን ሀሳብ ልናገር። ገደቡ ሲጣል ዋጋ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ እየጨመረ ነበር፣ እና ዋጋ በዛ ፍጥነት እየሄደ ብድር በ14 በመቶ ብቻ ይደግ ማለት በግልጽ አማርኛ ብድር ይቀንስ ማለት ነው። በዛ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፣ ያንተ ኤምዲኤፍ፣ ማጠፊያ፣ ቀለም፣ ሙጫ ሁሉ አብሮ ወጣ። ከዛ በፊት በ300 ሺህ ብር የምትሞላውን ስቶር ከዛ ወዲህ በእጥፍ ነው የምትሞላው። ማለትም የስራ ማስኬጃ ፍላጎትህ እጥፍ በሆነበት ሰዓት ነው ባንኩ በሩን ያጠበበው። የዋጋ ንረትን መቆጣጠር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ያስፈልጋል፣ ግን ቢላው ማን ላይ አረፈ ነው ጥያቄው። ለአንድ ሰው 10 ሚሊዮን ማበደርና ለአስር ሰው አንድ አንድ ሚሊዮን ማበደር ካፑ ላይ የሚይዘው ቦታ እኩል ነው፣ የወረቀት ስራው ግን አስር እጥፍ ነው፣ አስር ግመታ፣ አስር ውል፣ አስር ክትትል። ቦታ ሲጠብ ባንኩ የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት የባንክ ሰው መሆን አያስፈልግም።

ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ የጸደቀበትን ደብዳቤ በጽሁፍ ጠይቅ፣ መጠኑ፣ ወለዱ፣ የሚያገለግልበት ጊዜ የተጻፈበት። ጊዜው ካለፈ ግመታው እንደገና ይሰራና እንደገና ትከፍላለህ። ሁለተኛ (ይሄ በጣም ነው የሚያሳስበኝ) የእናትህ ካርታ ላይ የመያዣ ውሉ ተመዝግቧል ወይ? ተመዝግቦ ብሩ ካልተለቀቀ ቤቱ ባልተበላ ብድር ታስሯል ማለት ነው፣ ሌላ ባንክ ልሂድ ብትል እንኳን አትችልም። ስለዚህ ወይ ቀን ይስጡህ ወይ ይልቀቁልህ፣ በደብዳቤ ጠይቅ። ሦስተኛ፣ ሙሉውን ከምትጠብቅ ከፊሉን አሁን ስጡኝ ብለህ ሞክር፣ ሚሊዮን የማይገባበት ቀዳዳ ውስጥ 400 ሺህ ይገባል። አዲሱ በጀት ዓመት ሐምሌ ላይ ሲገባ ቦታ ስለሚከፈት ሰኔ መጨረሻ ላይ ፋይልህ የተሟላና ወረፋው ፊት ላይ የተቀመጠ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ካፌ አለኝ፣ አለኝ ልበል እንጂ ድሮ የነበረበት መንገድ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ሌላ ሰፈር ተከራይቼ ነው ያለሁት፣ የድሮ ደንበኛ አልተከተለኝም። የባንክ ብድር አለብኝ፣ 400 ሺህ ብር ቀርቶኛል፣ ወለዱ 17 በመቶ ነው፣ የቀረኝ አንድ ዓመት ተኩል ነው። እስካሁን አንድም ቀን አላሳለፍኩም፣ ግን እውነቱን ልንገርህ ከሚቀጥለው ወር በኋላ አልችልም። ባለቤቴ ዝም በይ፣ ሲደውሉ ያኔ እንነጋገራለን ይላል። እህቴ ደግሞ ከሌላ ቦታ ተበድረሽ ዝጊው ትለኛለች። የቱን ልስማ? (ባለ ካፌዋ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አትስሚ። ባለቤትሽን አክብሬ ነው ግን በዚህ ጉዳይ ዝምታ ዋጋው ውድ ነው፣ ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

ባንክ ተበዳሪን የሚያየው በቀን ቆጠራ ነው። ክፍያሽ እስከ 30 ቀን ድረስ ቢዘገይ ገና ጤነኛ ነሽ። ከ30 እስከ 90 ቀን ልዩ ክትትል የሚባል ውስጥ ትገቢያለሽ። 90 ቀን ካለፈ ግን ብድርሽ የተበላሸ ብድር ተብሎ ይመደባል፣ ባንኩም ከትርፉ ላይ ከፍ ያለ መጠባበቂያ ይይዛል፣ ለብሔራዊ ባንክ ሪፖርት ያደርጋል፣ ስምሽም ሁሉም ባንኮች በሚያዩት የብድር መረጃ ቋት ውስጥ እንደዛው ሆኖ ይቀመጣል። ከዛ በኋላ ብራንች ማናጀሩ ቢወድሽም የሚያደርግልሽ ነገር በጣም ያንሳል፣ ጉዳዩ ከሱ እጅ ወጥቶ ዋናው መስሪያ ቤት ይገባል። አሁን ግን አንድም ቀን ያላሳለፈች ደንበኛ ነሽ። ይሄ ንብረት ነው፣ ከካፌው ማሽን የሚበልጥ ንብረት፣ እና የሚያገለግልሽ ዛሬ ነው፣ ከሦስት ወር በኋላ የለም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሄደሽ የብድር ማራዘሚያ (ባንኮቹ ሪስኬጁል ወይ ሪስትራክቸር ነው የሚሉት) ጠይቂ። ሂሳቡን ላሳይሽ። ባልሽው መሰረት በ18 ወር ውስጥ 400 ሺህ በ17 በመቶ ለመጨረስ በወር ወደ 25,300 ብር ነው የምትከፍይው። ጊዜው ወደ 36 ወር ቢራዘም ወርሃዊው ወደ 14,300 ብር ይወርዳል። በወር 11 ሺህ ብር እፎይታ ነው፣ የአስተናጋጅ ደሞዝ፣ የወተት፣ የስኳር። ነጻ ግን አይደለም፣ በጠቅላላው ወደ 57 ሺህ ብር ተጨማሪ ወለድ ትከፍያለሽ። ይሄን አውቀሽ ግቢ። እኔ ካፌሽ ቢሆን እከፍለው ነበር፣ ምክንያቱም አማራጩ ከዚህ ይብሳል።

እንዴት ነው የሚጠየቀው? በቃል አይደለም። ደብዳቤ ጻፊ፣ አንድ ገጽ ይበቃል፣ ለምን ገቢሽ እንደቀነሰ (ቦታው መነሳቱን የሚያሳይ የወረዳ ወረቀት ካለሽ አያይዢ፣ ይሄ ካንቺ ጥፋት ውጪ መሆኑን ስለሚያሳይ በጣም ይረዳል)፣ ባለፈው ስድስት ወር በየወሩ ምን ያህል እንደሸጥሽ፣ አሁን በወር ስንት መክፈል እንደምትችይ። የመጨረሻዋን ቁጥር ባንኩ እስኪነግርሽ አትጠብቂ፣ አንቺ ነሽ የምትነግሪው፣ ደግሞ እውነተኛ ትሁን። ለማስደሰት ብለሽ 20 ሺህ ብለሽ ሁለተኛው ወር ላይ ብታጎድይ ሁለተኛ እድል ይከብዳል፣ አንድ ብድር ያለገደብ ደጋግሞ አይራዘምምና። የእፎይታ ጊዜም ጠይቂ፣ ለምሳሌ ለሦስት ወር ወለዱን ብቻ ልክፈል በይ። ግን «ለሦስት ወር ምንም አትክፈይ» ካሉሽ ቶሎ አትደሰቺ፣ የሦስት ወሩ ወለድ የት ይሄዳል ብለሽ ጠይቂ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ብድር ላይ ይደመርና ወለድ በወለድ ላይ ይሆናል። ደብዳቤውን ስታስገቢ ኮፒው ላይ ማህተም አስመቺ፣ ቀኑ ይታወቅ።

ባለቤትሽ «ሲደውሉ» ያለው ነገር… ዝም ብለሽ ክፍያውን አሳለፍሽ እንበል። ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሰረት በመያዣ የያዙትን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በራሳቸው ሐራጅ የመሸጥ ስልጣን አላቸው፣ የሚጠበቅባቸው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሁፍ መስጠት ነው። ብዙ ሰው «መቼም ፍርድ ቤት ዓመት ይፈጃል» ብሎ ይዘናጋል፣ እዚህ ጋ ግን ያ ዓመት የለም።

የእህትሽ ምክር ደግሞ በጣም አጭር ከሆነ ብድር ተበድሮ ረጅሙን መዝጋት ነው፣ ቢሳካ እንኳን ችግሩን በሁለት ወር ነው የምትገፊው፣ ወርሃዊ ክፍያሽ ደግሞ ከ25 ሺህም ይበልጣል።

ጥያቄ፦ እንደምን አላችሁ። በጎንደር እንግዳ ማረፊያ አለኝ። በኮሮና ጊዜ መንግስት ለባንኮች ብር ሰጠ፣ ለሆቴሎች ዝቅ ባለ ወለድ ብድር ተባለ፣ ታክስ ተሰረዘ ተባለ። አሁን ቱሪስት ከጠፋ ከርሟል፣ ያለው ሁኔታ ከኮሮናው አይተናነስም፣ ታዲያ አሁን ለምን ዝም ተባልን? በዕድሜም የገፋሁ ነኝና በግልጽ ንገረኝ። (ከጎንደር)

መልስ፦ አባቴ፣ በግልጽ እነግርዎታለሁ። መጋቢት 2012 ላይ ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር ለቀቀ፣ እርግጥ ነው። ግን ያ ብር ለእርስዎ አልነበረም የተሰጠው፣ ለባንኮቹ ነው፣ እነሱ ለደንበኞቻቸው ብድር እንዲያራዝሙና ተጨማሪ እንዲያበድሩ። እና ማን ተጠቀመ ብለው ቢጠይቁ መጀመሪያ የጠየቀና ወረቀቱ የተሟላ ሰው ነው። በዛ ጊዜም ቢሆን ብድር ተሰረዘ የሚል ነገር አልነበረም፣ የተሰረዘው ለዓመታት የቆየ የታክስ ዕዳ ነው። ሰው ሁለቱን ቀላቅሎ ነው የሚያስታውሰው።

አሁን ለምን የለም? ያኔ የነበረው ችግር ብር ከባንክ እንዳይደርቅ የሚል ፍርሃት ነበር፣ አሁን ፖሊሲው የተያዘው በተቃራኒው ነው፣ ገበያ ውስጥ ያለው ብር በዝቶ ዋጋ አንሮብናል ተብሎ። ለዛ ነው ካፑ የመጣው፣ ለዛ ነው ሐምሌ 2016 ላይ የብሔራዊ ባንክ ወለድ 15 በመቶ ተብሎ የወጣው፣ ከ2015 ጀምሮም ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 20 በመቶ ያህሉን ለመንግስት ቦንድ እንዲያውሉ ተገደው ነበር፣ በኋላ ተነሳ እንጂ። ማለትም አጠቃላይ እጁ የታጠፈ ነው፣ የእርስዎ ከተማ ሁኔታ ደግሞ የተለየ ነው፣ ለተለየ ሁኔታ የተለየ ነገር ያስፈልግ ነበር ብዬ እኔም አምናለሁ። ለአዲስ አበባ የዋጋ ንረት የወጣ መድኃኒት እንግዳ ለጠፋበት ማረፊያ ቤት እንዴት ይሆናል?

እስከዛው ግን ሦስት ነገር። ያለብዎት ብድር ካለ ከላይ ለባለ ካፌዋ የጻፍኩትን ያንብቡ፣ ለእርስዎም ነው፣ በእርስዎ ሁኔታ የእፎይታ ጊዜውን ረዘም አድርገው ይጠይቁ። ብቻዎን አይሂዱ፣ በከተማው ካሉት ሆቴሎችና ማረፊያዎች ጋር በአንድ ደብዳቤ ለባንኩ ዲስትሪክት ይጻፉ፣ አንድ ደንበኛ ሲያቅተው የደንበኛው ችግር ነው፣ አስራ ምናምን ደንበኛ በአንዴ ሲያቅተው ግን የባንኩም ችግር ነው፣ ያኔ ይሰማሉ። ሦስተኛ፣ አዲስ ብድር አሁን አይውሰዱ። እንግዳ የሚመጣበትን ቀን ማንም በማያውቅበት ሰዓት የአልጋ ማደሻ ብድር መውሰድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጸሎት እንጂ ንግድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሃይ፣ ሀዋሳ ነኝ፣ ልብስ ስፌት ነው ስራዬ፣ አራት ልጆች አብረውኝ ይሰራሉ። ካርታ የለኝም መኪና የለኝም። ያለኝ ማሽኖቹና ቴሌብር ላይ የሚገባው ብር ብቻ ነው። ሁሉም ባንክ «ኮላተራል?» (መያዣ አለሽ ወይ) ነው የሚለኝ። አንድ የብድር ተቋም 500 ሺህ ለሦስት ዓመት በ17 በመቶ እንስጥሽ ብሎኛል፣ ባንኮቹም እኮ 17 ነው የሚሉት፣ ታዲያ እኩል አይደለም? (ሰፊዋ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር ምክንያቱም እሱ ነው የሚያቃጥለው። እኩል አይደለም! 17ቱ ፍላት ነው ወይስ ዲክላይኒንግ ብለሽ ጠይቂ። በዲክላይኒንግ ወለድ የሚታሰበው በቀረሽ ዕዳ ላይ ነው፣ ስለዚህ 500 ሺህ በ17 በመቶ ለ36 ወር በወር 17,800 ብር ገደማ ይመጣል፣ ጠቅላላ ወለዱ ወደ 142 ሺህ። በፍላት ግን ግማሹን ከፍለሽም ቢሆን ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው 500 ሺህ ላይ ነው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ስለዚህ ወለዱ 255 ሺህ ይሆናል፣ ወርሃዊው 21 ሺህ ገደማ። ያው 17 የሚባለው ቁጥር በመሃሉ ከ110 ሺህ ብር በላይ ልዩነት አለው። ይሄን ሳይጠይቅ የሚፈርም ሰው ስንት እንደሆነ ባወቅሽ። በመቶኛው አትከራከሪ፣ «በወር ስንት፣ በጠቅላላ ስንት፣ የኢንሹራንስና የሰርቪስ ቻርጅ ስንት» በይና በወረቀት አጽፊ።

ወደ ኮላተራሉ ስንመጣ፣ ህጉ ካንቺ ጋር ነው፣ ልማዱ ግን አይደለም። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ማሽን፣ ስቶክ፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሂሳብ፣ ከብት ሳይቀር፣ መያዣ መሆን እንደሚችል ይላል፣ መመዝገቢያውም ብሔራዊ ባንክ ጋ ነው። ግን ሎን ኦፊሰሩ ለዓመታት የለመደው ካርታና ሊብሬ ነው፣ ማሽን ሲያይ «ይሄን ነገ ለማን ልሸጠው» ነው የሚለው። ስለዚህ የማሽኖቹን የግዢ ደረሰኝ፣ ሞዴልና ሴሪያል ቁጥር አዘጋጅተሽ፣ ዩኒፎርም የምትሰፊለት ትምህርት ቤት ወይ ሆቴል ካለ ውሉን ይዘሽ ሂጂ፣ ውል ያለው ተሰብሳቢ ሂሳብ ከማሽኑ በላይ ያሳምናቸዋል። አንድ ቅርንጫፍ አይሆንም ካለሽ ስለ 1147 የሰማ ቅርንጫፍ እስክታገኚ ሞክሪ፣ ያናድዳል አውቃለሁ።

ብሩ የሚፈለገው ለተጨማሪ ማሽን ከሆነ ደግሞ ጥሬ ብር አትበደሪ፣ ሊዝ ጠይቂ። ልማት ባንክም የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶችም ይሰራሉ፣ ማሽኑን እነሱ ይገዙልሻል፣ አንቺ ከፊሉን ቀድመሽ ታዋጪና ቀሪውን እየሰራሽ ትከፍያለሽ፣ ከፍለሽ እስክትጨርሺ ማሽኑ የነሱ ስለሆነ ራሱ መያዣ ነው፣ ካርታ የሚባል ጣጣ የለም።

ያለ መያዣ በስልክ የሚሰጡትም አሉ፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ሚቹ፣ ዳሸን ባንክ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በቴሌብር መላ። እነዚህ የሚያዩት የገንዘብ እንቅስቃሴሽን ነው። ስለዚህ ደንበኛ በካሽ ሲከፍልሽ እየተቀበልሽ ኪስሽ ውስጥ ከምትከቺ በስልክ ይክፈሉሽ፣ ያልተመዘገበ ሽያጭ ለሲስተማቸው የለም ማለት ነው። ለአጭር ቀዳዳ ጥሩ ናቸው፣ ጨርቅ ገዝተሽ በወር ውስጥ ሸጠሽ የምትመልሽው ዓይነት። ግን ክፍያው ትንሽ እንዳይመስልሽ፣ ለምሳሌ ለአንድ ወር 6 በመቶ ቢሆንና በየወሩ እያደስሽ ብትሄጂ በዓመት 72 በመቶ ነው። የቤት ኪራይ በዚህ ብር አይከፈልም።

ጥያቄ፦ ባንክ አልሰጥ ስላለኝ አንድ ሰው በወር 10 በመቶ ሊሰጠኝ ነው፣ ቼክ ብቻ ነው የጠየቀኝ፣ ቀኑ ያልተጻፈበት። ምን ይመስልሃል? (ከመርካቶ)

መልስ፦ አትፈርም። በወር 10 ማለት በዓመት 120 ነው፣ በመርካቶ በዚህ ሰዓት በዓመት 120 በመቶ የሚያተርፍ ንግድ ካለህ መጀመሪያውኑ ብድር አያስፈልግህም ነበር። ፍትሐ ብሔር ህጉ በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ብድር ከ12 በመቶ በላይ ወለድ አይፈቅድም፣ በዓመት ነው 12፣ አራጣም በወንጀል ያስጠይቃል። ግን እጁ ላይ ያለው ያንተ ቼክ ነው፣ ስንቅ የሌለው ቼክ ደግሞ አንተን ነው ወንጀለኛ የሚያደርግህ። ዕቃ ካለህ በኪሳራም ቢሆን ሽጥና ትንሽ ሁን፣ ሱቅ ማጥበብ ነውር አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ። በኮቪድ ጊዜ ለሬስቶራንቴ ከኤስቢኤ (የአሜሪካ መንግስት የአነስተኛ ንግድ መስሪያ ቤት) ኢአይዲኤል የሚባለውን የአደጋ ጊዜ ብድር 150 ሺህ ዶላር ወስጄ ነበር። ጓደኞቼ ፒፒፒ የሚባለውን የደሞዝ መክፈያ ብድር ወስደው ተሰረዘላቸው፣ የኔም ይሰረዛል እያሉ ሲያጽናኑኝ ከረሙ። አሁን ሬስቶራንቱን ልዘጋ ነው። ዕዳው ተከትሎኝ ቤቴ ይመጣል?

መልስ፦ ጓደኞችሽ ክፉ አላሰቡም ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፒፒፒ ቢያንስ 60 በመቶው ለደሞዝ ከዋለ የሚሰረዝ ሆኖ ነው የተቀረጸው፣ ብዙ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወንድሞቻችንም በዛ ተጠቅመዋል። ኢአይዲኤል ግን ብድር ነው፣ 3.75 በመቶ፣ 30 ዓመት፣ ባንቺ መጠን በወር 731 ዶላር። አይሰረዝም።

ቤት ይመጣል ወይ ለሚለው፣ ቢዝነሱ በምን ስም እንደተመዘገበ ይወስነዋል። ከ25 ሺህ ዶላር በላይ ለሆነ ብድር ኤስቢኤ የቢዝነሱን ንብረት ይይዛል፣ ማለትም ምጣዱም ፍሪጁም ወንበሩም፣ ስለዚህ ስትዘጊ እነሱን ሳታስፈቅጂ ዕቃ እንዳትሸጪ። የግል ዋስትና የሚጠየቀው ግን ከ200 ሺህ በላይ ላለው ነው። ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ወይ ኮርፖሬሽን ከሆንሽና የግልሽንና የድርጅቱን ገንዘብ በትክክል ከለያየሽው 150 ሺው የድርጅቱ ዕዳ ነው። በራስሽ ስም፣ ሶል ፕሮፕራይተር ሆነሽ ከሆነ ግን አንቺና ቢዝነሱ አንድ ናችሁ፣ ዝም ካልሽ ዕዳው ወደ ትሬዠሪ (የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር) ይተላለፋል፣ እስከ 30 በመቶ የማስከፈያ ወጪ ይጨመርበታል፣ የታክስ ሪፈንድሽ ይያዛል፣ ያለ ፍርድ ቤት ከደሞዝሽም እስከ 15 በመቶ ሊቆረጥ ይችላል። ወርሃዊውን ዝቅ የሚያደርገው የሃርድሺፕ ፕላን ማርች 2025 ላይ ቆሟል፣ ስለዚህ «ቆይ እሱን እጠይቃለሁ» ብለሽ እንዳትዘናጊ። ከመዝጋትሽ በፊት ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ለጠበቃ ክፈይ፣ ለታክስ የሚሰራልሽ ሰው አይበቃም፣ ይሄ የሱ ስራ አይደለም።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ወንድም ለሱቁ ብድር ሊወስድ ዋስ ሁንልኝ ብሎኛል። እምቢ ብል ቤተሰብ ይቀየመኛል። ፊርማ ብቻ ነው ይላል።

መልስ፦ ፊርማ ብቻ አይደለም። ውሉን አንብበው፣ «የአንድነትና የነጠላ ዋስ» የሚል ካለ ባንኩ መጀመሪያ እሱን ሳይጠይቅ በቀጥታ አንተ ጋ መምጣት ይችላል። የጋራ ቤታችሁን የምታስይዝ ከሆነ ደግሞ የባለቤትህ ፈቃድና ፊርማ የግድ ነው፣ ወንድሟ ስለሆነ ትፈርማለች ብለህ አትጨርሰው፣ ቁጭ አድርገህ ወርሃዊው ስንት እንደሆነ ንገራት። ከዛ ልጁን የስድስት ወር የባንክ ስቴትመንት አምጣ በለው። ካመጣና ወርሃዊውን ሁለት እጥፍ የሚሸፍን ገቢ ካየህበት፣ ለተወሰነ መጠን ብቻ ዋስ መሆን እንደምትችል ባንኩን ጠይቅ፣ ጣሪያው ውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ። ስቴትመንት ለምን ፈለክ ብሎ ከተቆጣ ደግሞ መልስህን አግኝተሃል።